የጨርቅ ጎተራ

«ክፍል አይደለም እኮ እሱ፣ የጨርቅ ጎተራ ነው» ስትል እናቷ፣ ነፋሴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደሰካች ደርቃ ቀረች። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ዓይኗን ገና በቅጡ አልገለጠችም፣ መታጠቢያ ቤቱንና ወጥ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ስሙ ነው ግድግዳ እንጂ ሰው ሲያዛጋ እንኳን ያሳልፋል። እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ እናቷ ድምጿን ዝቅ ካደረገች ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ነው ማለት ነው። ክፍሉን ልትከራይ የፈለገችው ልጅ ዛሬ ማታ ልታየው ትመጣለች፣ ነርስ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ብቻዋን ናት፤ እትዬ፣ የነፋሴ አክስት፣ ከነፋሴ ጋር አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ የስፌት መኪናቸው በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሳ ትቀመጣለች፣ ሥራ ሲመጣ እዚያው ይሠራሉ፤ ሥራ ከመጣ ማለቷ ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ጨምሯል፣ እናቷ ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የምታመጣው አልበቃ ብሏል፣ ኪራዩ ደግሞ ለማንም አይደለም ለልጃቸው ነው። የአባቷ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ብቻ ነው የሚሰማው። «የሥራ ክፍል ቢሆን ኖሮ እኔ እጄን አላነሳበትም ነበር» አለች እናቷ ቀጥላ። «ሥራ የሚሠራበት ክፍል እንዲህ ነው እንዴ? ወለሉ ምን ዓይነት እንደነበር እንኳን ረስቼዋለሁ። በል አንተ ንገራቸው፣ እህትህ ናቸው።» ማንኪያው ቆመ። «እሺ» አለ አባቷ።

ነፋሴ የተባለችው በር ስለምታላጋ ነው። ስትገባ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ስትወጣ ይንቀጠቀጣል፣ መሃል ላይ ደግሞ የረሳችውን ልትወስድ ስትመለስ ይንቀጠቀጣል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ነገር የምታስበው ከሠራችው በኋላ ነው እያለች እናቷ ትስቅባታለች፣ ወይ ትቆጣታለች፣ እንደ ቀኑ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያዘነችው ለአክስቷ አልነበረም። ለራሷ ነው። ስንት ለምና፣ ስንት አኩርፋ፣ ስንት ቀን ራት አልበላም ብላ ያገኘቻት ክፍል እኮ ናት። እርግጥ ክፍል ለማለትም ታሳፍራለች፤ ጓዳ ጥግ ላይ ናት፣ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤትን ግንብ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳን መብራት ካልበራ ካልሲ ከካልሲ አይለይም፣ ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ወጥታ ስትበሰብስ ነው። ግን ቁልፍ አላት። የራሷ ቁልፍ! ግድግዳው ላይ የምትወዳቸውን ዘፋኞች ከጋዜጣ እየቆረጠች ለጥፋለች፣ በሩን ቆልፋ ከመስታወት ጋር ታወራለች፣ ትደንሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም። አክስቷን ደግሞ በጣም ነው የምትወዳት፣ ማለት በጣም፣ ግን ሰው የሚወደውን ሰው ማንኮራፋት መውደድ አለበት ያለው ማን ነው? የአክስቷ ማንኮራፋት እኮ እንደ ስፌት መኪናዋ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጀምርና ከዚያ ማን ያቆመዋል።

ቁርስ ላይ አራቱም ተቀምጠው ሻይና ዳቦ ቀረበ። አክስቷ የምትወጣበትን ለብሳ፣ የሰፋችውን የሆቴል መጋረጃ በሁለት ትልልቅ ከረጢት ጠቅጥቃ በሩ ጋ አቁማዋለች፤ ሆቴሉ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ ሁለት አውቶብስ ትይዛለች፣ መስቀያውም ላይ ራሷ ሰቅላ ካላየችው አትመለስም፣ ስለዚህ ከመምሸቱ በፊት አትመጣም። ነፋሴ የአባቷን አፍ ብቻ ነበር የምታየው። አባቷ የአውቶብስ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ የሚሳደበውን ሲሳደብ አይጣል ነው፣ ቤት ሲገባ ግን ምላሱን መሪው ላይ ትቶት የሚመጣ ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጀመሪያው ዳቦ አቀብዪኝ አለ። በሁለተኛው ጊዜ «እትዬ» ብሎ ጀመረና፣ እናቷም ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ «...አውቶብስ ውስጥ ቦርሳሽን ከፊት ያዢው፣ ሌባ በዝቷል» ብሎ ጨረሰው። አክስቷ ሳቀች። «ከኔ ቦርሳ ክርና መርፌ ነው የሚያገኘው፣ እጁ ሲወጋ ይማራል» አለችና ከረጢቶቿን አንጠልጥላ ወጣች። እናቷ አባቷን አየችው፣ አባቷ ጫማውን አየው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ በሩ እንኳን ድምፅ ሳያሰማ ነው የተዘጋው።

እንግዲህ ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው፣ እንደ መብረቅ ነው የመጣው። እናቷ ምን አለች? የሥራ ክፍል ቢሆን ኖሮ እጄን አላነሳበትም። በቃ! የሥራ ክፍል ይሆናላ። ማታ እናቷ በሩን ስትከፍተው ክው ትላለች፣ ወይኔ ለካ እትዬ እንዲህ ዓይነት የሥራ ቦታ አላቸው ትላለች፣ ነርሷን ይቅርታ ጠይቃ ትሸኛለች፣ አክስቷም ክፍሏ ውስጥ፣ ነፋሴም ክፍሏ ውስጥ፣ ሁሉም በየቦታው። የትምህርት ቤቱ ክፍያስ የሚለው ነገር እንኳን በሐሳቧ አልፎ ነበር፣ ግን በጣም በፍጥነት ነው ያለፈው። ሻርፗን ጠመጠመች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የአክስቷን በር ገፋች፣ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ አልሄድም አለ። ከኋላው ጨርቅ ነበር።

ያንን ክፍል ያላየ ሰው አያምንም። ከቤቱ ሁሉ ሰፊው እሱ ነው፣ በመንገዱ በኩል ትልቅ መስኮት አለው፣ መስኮቱ ግን እስከ ወገቡ በጆንያ ተሸፍኗል። ወንበሩ ላይ ሱሪ፣ ሱሪው ላይ ቀሚስ፣ ቀሚሱ ላይ ደግሞ የተኛች ድመት የምትመስል የሱፍ ክር። አልጋዋ አልጋ መሆኑን ከአክስቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጭንቅላት የሌላት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት፣ ቤተሰቡ ወይዘሪት የሚላት፣ የአባቷን የድሮ የሹፌር ኮት ደርባ ጥግ ላይ እንደ ተቀጣች ተማሪ ቆማለች። አንድ ሙሉ ከረጢት እጅጌ ብቻ ይዟል፤ ልብሶቹ የት እንደሄዱ እግዜር ይወቅ። ሌላው የተሰባበረ ጃንጥላ ነው፣ ለጨርቁ ብላ ነው ያስቀመጠችው። አክስቷ ምንም ነገር አትጥልም። የወለቀ ቁልፍ፣ የተበጠሰ ዚፕ፣ ከጣት የማይበልጥ ቁራጭ፣ ሁሉንም እያገላበጠች «ይሄ ሥራ አለው» ትልና ታስቀምጠዋለች። የስፌት መኪናዋ ብቻ ናት መሃል ላይ ንጹሕ፣ ዘይቷን ጠጥታ፣ አብረቅርቃ፣ ተራራ መሃል እንዳለች ትንሽ ሐይቅ።

ነፋሴ መሃል ላይ ቆማ ዙሪያዋን ዞረች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ተነሣች። መደርደሪያ ያስፈልጋል። ሳጥን ያስፈልጋል። ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ገንዘብ ግን ለሰኞ ፀጉሯን ልትሠራበት ያጠራቀመቻት ብቻ ናት፤ እሷም ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ነበር፣ አወጣቻት፣ አየቻት፣ ፀጉሯን በመስታወት አየችው፣ ይቅርታ ጠየቀችውና ወጣች። የጫማ ሻጩ ሱቅ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። ባዶ ካርቶን ካለህ አለችው። ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ጫማ ሳይፈልግ ካርቶን የሚፈልግ ደንበኛ በዕድሜው የመጀመሪያው እንደሆነ ነገራት፤ ምን ልትቀብሪበት ነው አለ፣ ለድመት አልጋ ነው አለ፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው አለ፣ አይ ይሄን ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ወንድ ካለ አስተዋውቂኝ፣ ለኔ የሒሳብ ጸሐፊ ጠፍቶብኛል አለ። እሷም እየሳቀች ለአክስቴ ነው ስትለው አክስትሽ ማን ናት ብሎ፣ ልብስ ሰፊዋ ስትለው ድንገት ተነሥቶ ከጓዳ የካርቶን ግንብ አወጣላት፤ አንድም ሳንቲም አልተቀበላትም። ያቺ ሴትዮ የልጄን የምርቃት ሱፍ በአንድ ሌሊት አጥብባለት ዋጋውን ስጠይቃት ቆይ ይመረቅ አለችኝ ብሎ ነው። ነፋሴ ይሄን ወሬ ሰምታው አታውቅም። ካርቶኑን ተሸክማ ስትወጣ ከፊቷ ምንም አይታያትም ነበር፣ መንገድ ላይ ሰዎች ካርቶን ብቻውን ሲሄድ ያዩ መስሏቸው ዘወር ይሉ ነበር።

ቀለም ቤቱ ግን እንደ ጫማ ሻጩ አልሆነም። ነጭ ቀለም ዋጋው ሲነገራት ስለ ፀጉሯ ብቻ ሳይሆን ስለ ጭንቅላቷም ማሰብ ጀመረች። ቀለም ሻጯ ሴትዮ ፊቷን አይታ አዘነችላት መሰል፣ ከባንኮኒው ሥር ክዳኑ የተጎረበጠ ቆርቆሮ አወጣች፤ ሰው አዝዞ፣ ተቀላቅሎለት፣ ቤቱ ሄዶ አንድ ግድግዳ ቀብቶ፣ ሚስቱ አይታ መልስ ያለችው ነው። በአምፖል ዋጋ ውሰጂው አለቻት። ክዳኑ ሲከፈት የእንቁላል አስኳል ነው፣ ቁጭ አስኳል። ነፋሴ በፍቅር ወደቀች። በተረፋት ሚስማር ገዛች፣ ሳንቲም ሲቀራት ደግሞ ማስቲካ ገዛች፣ ሰው ሲሠራ ማኘክ አለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ተናግሮ ይጨርሰዋል! ጨርቁን በሙሉ አውጥታ በረንዳ ላይ ቆለለችው፣ ቤቱ ሊሰደድ የተዘጋጀ ቤተሰብ መሰለ። ወለሉ ብቅ ሲል ለካ ሳንቃ ነው፣ ቀይ ቡኒ፣ ሦስት ጊዜ ስትወለውለው ማር መሰለ። ግቢ ጥግ ላይ የተጣለውን የእንጨት መሰላል፣ አባቷ አንድ ቀን እጠግነዋለሁ ያለውን፣ ጎትታ አስገብታ አስኳል ቀባችውና ሲደርቅ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጨርቆቹን በየደረጃው አንጠለጠለቻቸው፤ አበባ ያለው ላይ፣ መስመር ያለው ከሥሩ፣ ጥቁሩ ታች። ካርቶኖቹን ቀባች፣ በአንዱ ዚፕ፣ በአንዱ ላስቲክ፣ በአንዱ ገበር፣ በአንዱ ለምን እንደሆነ የማይታወቁ እጅጌዎች። ቁልፎቹን በመልካቸው ለየቻቸውና በጃም ጠርሙስ ከተተቻቸው፣ ሰማያዊው ጠርሙስ ላይ ደርሳ ለአፍታ ያህል ከፀሐይ ጋር ስታገላብጠው ቆየች፣ እንዴት እንደሚያምር። ለክሮቹ ደግሞ አንድ ጣውላ ላይ ሚስማር መታች፣ በየሚስማሩ አንድ አንድ ክር፣ ከነጩ ጀምሮ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ፣ እያለ እስከ ጥቁሩ፤ አውራ ጣቷን ሁለቴ መታችው፣ አንዴ አለቀሰች፣ ማስቲካዋን ዋጠች። ከሁሉ የከበዳት መጣሉ ነበር። የጃንጥላውን አጽም ይዛ እስከ ቆሻሻው ገንዳ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። አንድም ነገር አልጣለችም። ትርፉን ሁሉ አጥብቃ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ አልጋው ሥር እንደ መጽሐፍ ደረደረችው። መጨረሻ ላይ ጆንያዎቹን ከመስኮቱ ሥር ስታነሳ ፀሐይዋ ገባች። ዝም ብላ አልነበረም የገባችው፣ የተከለከለች እንግዳ በሩ ሲከፈትላት እንደምትገባው ነው፤ እስከ መኪናዋ፣ እስከ ወይዘሪት ኮት፣ እስከ ማዶው ግድግዳ። ነፋሴ ፊቷ በአስኳል ተዥጎርጉሮ መሃል ላይ ቆማ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

አመሻሽ ላይ እናቷ ስትመጣ በሩ ጋ ቆመች፣ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም። እናቷ ገባች፣ ወለሉን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ክሮቹን በጣቷ ነካ አደረገቻቸው። «አንቺ ነሽ?» አለች። ነፋሴ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ፀጉሯ ላይ የደረቀውን ቀለም በጥፍሯ ፋቅ አደረገችላትና ለረጅም ጊዜ ያልተናገረችውን ነገር ተናገረች፣ ጎበዝ አለቻት። ነፋሴ ልትበር ምንም አልቀራት። አሁን ትለዋለች፣ አሁን፣ ለካ የሥራ ክፍል ነው ትላለች። እናቷ ግን ወደ ግድግዳው ሄደችና በእርምጃዋ ትለካ ጀመር። «ይሄን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ» አለች ለራሷ። «አልጋው እዚህ፣ ቁም ሣጥኑ እዚያ... ኧረ ጠረጴዛም ይገባል። ለዚህማ የነገርናት ዋጋ ያንሰዋል።» ነፋሴ የቆመችበት ሳንቃ የተከፈተ መሰላት። ያኔ ነው የገባት። ቀኑን ሙሉ ለሥራ ክፍል አይደለም የለፋችው፤ ለኪራይ ነው ያዘጋጀችው።

በሩ ተንኳኳና አባቷ ከነርሷ ጋር ገባ። ነርሷ የነፋሴ አባት አውቶብስ ላይ የሚሠራው ትኬት ቆራጭ እህት ናት፣ ቀጭን፣ ዓይኖቿ ሥር የጠቆረ፣ ትልቅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ፣ ከዚሁ ወደ ሥራ ነው የምሄደው ብላ ቸኩላ የምትናገር። ክፍሉን ስታየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እስካሁን ያየቻቸውን ክፍሎች ዘረዘረች፣ አንዱ እርጥበት፣ አንዱ አይጥ፣ አንዱ ባለቤቱ በመስኮት የሚያይ፤ እንደዚህ ያለ አላየሁም አለች። አባቷ የአስኳል መሰላሉን ብቻ ያያል፣ ከዚያ ልጁን ያያል፣ ከዚያ እንደገና መሰላሉን። እናቷ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ በሩ ቁልፍ ታስረዳለች። ነፋሴ ክሮቹ ሥር ተለጥፋ ቆማ፣ ክሩን ሁሉ ወለሉ ላይ ብበትነውስ፣ ጆንያውን ሁሉ መልሼ ባስገባውስ፣ አይጥ አለ ብልስ እያለች ታስባለች፣ እውነትም አፏን ከፍታ ነበር፣ አይጥ ልትል ነበር፣ ያኔ ነው አክስቷ ባዶ ከረጢቶቿን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ በሩ ላይ የቆመችው።

አክስቷ መጀመሪያ ወለሉን አየች። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ የማታውቃትን ሴት፣ ትልቅ ቦርሳዋን፣ የእናቷን ፊት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወንድሟን። የአባቷ ዓይን እንደለመደው ጫማው ላይ ነው። አክስቷ ሞኝ አይደለችም፤ ሰው ሳይናገር ወገቡ ስንት እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት። ከረጢቶቿን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፣ የመኪናዋ ክዳን ላይ እጇን አሳረፈች፣ ከዚያ ወንበሩን፣ ለስንት ዘመን ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን ባዶ ወንበር፣ ለነርሷ ሳበችላት። «ተቀመጪ እንጂ የኔ ልጅ፣ ቆመሽ አትቀሪ» አለቻት። «ጥሩ ክፍል ነው። ደረቅ ነው። ጠዋት እንደነጋ ፀሐይ ይገባዋል፣ እስከ ማታ አይወጣም።» ድምጿ ላይ ምንም አልነበረም፣ ለደንበኛ ስለ ጨርቅ የምታስረዳ ነው የሚመስለው፤ እናቷ እንኳን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነርሷ ተቀመጠች። ፀሐይ የሚለው ነገር ግን ትንሽ አሳሰባት። ማታ ማታ ነው የምትሠራው፣ ስትገባ ሰው ሁሉ ሲወጣ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምትተኛው፤ ለዚህ ነው ዓይኗ እንዲህ የሆነው፣ ያለችበት ክፍል ብርሃንና ጫጫታ አላስተኛት ብሎ ነው። ይሄኛውም በመንገዱ በኩል ነው፣ አይደል? ግን ግድ የለም አለች ወዲያው፣ ወፍራም መጋረጃ ይደረግበታል። «እሱን እኔ እሰፋልሻለሁ» አለች አክስቷ። «ጥቁር ገበር ድርብ አድርጌ። ዛሬ ለሆቴል ሰቅዬ ነው የመጣሁት፣ ብርሃን ጠብታ አያስገባም።» ከዚያ ገበሩን ልታሳያት ዞር አለች፣ በለመደችው ጥግ እጇን ሰደደች፣ እዚያ ግን ምንም የለም፣ ንጹሕ ግድግዳ ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ። ይቺን እጅ ነው ነፋሴ ያልቻለቻት። ለክፍሏ መጋረጃ ልትሰፋ ነው፣ ለገዛ ክፍሏ፣ ለሚወስድባት ሰው፣ እሱንም ገበሩ ጠፍቶባት።

«ጨለማ ክፍል አለን» አለች ነፋሴ። በጣም ጮክ ብላ ነው የወጣባት፣ ሁሉም ዞሩ። ከዚያማ ማን ያቆማታል። በጓዳ በኩል ነው፣ መስኮቱ ግንብ ነው የሚያየው፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳን እጅሽ አይታይሽም፣ ድምፅ የሚባል አይሰማም፣ እኔ ራሴ ስንቴ ደወሉን ሳልሰማ ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ፣ ዝናብ ራሱ አይሰማም፣ ቁልፍም አለው።

«የማንን ክፍል ነው አንቺ የምታከራዪው?» አለች እናቷ።

«የኔን» አለች ነፋሴ። ስትለው ነው ያሰበችው፣ እንደ ልማዷ፤ ግን ካሰበችውም በኋላ አልመለሰችውም። «እኔ አክስቴ ጋ እገባለሁ። አሁን እኮ ወለል አለን።»

እናቷ ለስንት ጊዜ ክፍል ክፍል እያልሽ አንጀቴን እንዳላቃጠልሽው ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ነርሷ ግን ተነሥታ ነበር። ነፋሴ በጓዳ በኩል መራቻት፣ በሩን ከፈተችላት፣ ነርሷ ገባችና ካሁን አሁን መብራት ታበራለች ሲሉ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ቤተሰቡ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ቆመ። ከውስጥ ድምፅ የለም። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቷ ሰዓቷን አየች። ቆይቶ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ነርሷ ዓይኖቿን እያሸች ወጣች። «እንቅልፌ መጣ» አለች፣ እንደ ተአምር። እናቷ እንግዲህ ጠባብ ስለሆነ በትልቁ ክፍል ዋጋ አይሆንም፣ ትንሽ ይቀነሳል አለች፤ አፏን ጨምቃ ነው ያለችው፣ ግን አለች። ነርሷም ወጥ ቤቱን ከተፈቀደላት የተባለውን ሁሉ እንደምትከፍል ተናገረች፣ እናቷ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ፣ የነፋሴ እጅ ግን ቁልፏን ካንጠለጠለችበት ገመድ ሲፈታ ዘገየ። ሰጠቻት። ነርሷ ወደ ሥራዋ ሮጠች፤ ነገ ስትመለስ ዕቃዋን ይዛ ነው የምትመጣው።

ዘፋኞቹን ከግድግዳው ስታላቅቅ ሁለቱ ተቀደዱባት። አባቷ ሹራቡን አውልቆ አልጋዋን ለብቻው ተሸከመው፣ በጓዳው በር ሲያሳልፈው የበሩን ቀለም ላጠው፣ እናቷ አይታ ምንም አላለችውም። አክስቷ ክፍል መግቢያ ላይ ሲደርስ አልጋውን ጀርባው ላይ እንደያዘ ቆመ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። «በየት በኩል ይሁን እትዬ?» አለ። ቀኑን ሙሉ ሊላት የነበረውን ነገር ሁሉ እዚያች ጥያቄ ላይ ጭኖ ነው ያለው። አክስቷ ቆማ አየችው፣ አልጋው እየከበደው እንደሆነ እያየች፣ ትንሽ አቆየችው፣ ግን በጣም አላቆየችውም። «ከመስኮቱ ራቅ አድርገው» አለች፣ «ልጅቷ ጠዋት መተኛት ትወዳለች።»

እራት ሳይደርስ ነፋሴ ከነልብሷ አልጋዋ ላይ ተዘረረች፣ አጥንቷ ሁሉ ለየብቻው ያማታል። አክስቷ ነገ የሚወሰድ ሱሪ አላትና መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ላስቲኩ የት ነው አለች፣ ነፋሴ ሁለተኛው ካርቶን አለች፣ ዚፕ ነበር። እንግዲያው አራተኛው፣ እጅጌ ነበር። ካርቶኖቹ ሁሉም አንድ ዓይነት አስኳል ናቸው፣ እሷም ራሷ ጠፋባት፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አክስቷ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየሳበች ወለሉ ላይ ትገለብጣቸው ጀመር፣ ዚፑን ከቀኝ እግሯ ሥር፣ ላስቲኩን ከግራዋ፣ ቁራጩን ጉልበቷ ላይ፣ የጨረሰችውን ልብስ ደግሞ ቦታ ስታጣ የነፋሴ አልጋ ጫፍ ላይ፣ እግሯ ሥር። ያ ማር የመሰለ ሳንቃ ከዳር ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። ነፋሴ ትራሱን ነከሰች። ያንን ወለል ሦስት ጊዜ ነው የወለወለችው። የስፌት መኪናዋ መርገጫ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ፈጠነ፣ አልጋው ሥር ያለው ሳንቃ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የጃም ጠርሙሶቹ ውስጥ ቁልፎቹ ይንሾካሾካሉ። ድንገት ድምፁ ቆመ። አክስቷ መነጽሯን አውልቃ ወደ እሷ ዞራ ነበር።

«ጮኸብሽ አይደል? ደክሞሻል። ልተወው፣ ነገ ጠዋት እጨርሰዋለሁ።»

ነፋሴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። እግሯን ልትዘረጋ ስትል ሱሪ ነካች፣ ገፋ አደረገችውና ከሥሩ ቦታ አገኘች።

«አይ» አለች። «ሥሪ።»